የሳፎ ቁራጮች፦ «መሞት እፈልጋለሁ» ያለችው ማን ናት?

ማለዳ፦

ሰላም ወገኖች። ሳፎን ማንበብ ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ለማታውቋት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ600 ዓመት ግድም በሌስቦስ ደሴት የኖረች ግሪካዊት ገጣሚ ናት፤ ክራር በመሰለ መሣሪያ የሚዘፈን ግጥም ነበር የምትገጥመው። ግሪክኛ አልችልም። ፊደሉን ብቻ ነው የለየሁት። ሁለት የእንግሊዝኛ ትርጉሞች ጎን ለጎን ዘርግቼ ነው የማነበው፣ እና አንድ ቦታ ላይ ቀጥ ብያለሁ።

ቁጥር 94 የሚባለው ቁራጭ ነው። በአንደኛው መጽሐፍ «የምሬን ነው፣ መሞት እፈልጋለሁ» የምትለው ሳፎ ራሷ ናት። የምትወዳት ልጅ እያለቀሰች ጥላት ሄዳለች፣ ያ ትዝ ሲላት ዛሬም ሞትን ትመኛለች። ይህን ያነበብኩ ቀን መጽሐፉን ከድኜ ዝም ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ከሳምንት በኋላ ሁለተኛውን ስከፍት ያቺው መስመር በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ገብታ የምትሄደዋ ልጅ ንግግር ሆናለች። መሞት የፈለገችው ልጅቷ ናት፣ ሳፎ አጽናኝ ናት። አንድ መስመር እንዴት ለሁለት ሰው ይሰጣል?

ደግሞ አንደኛው መጽሐፍ ወጥ ግጥም አድርጎ ነው የሚያቀርበው፣ ምንም ጉድለት አይታይበትም። ሌላው ግማሽ ገጹ ባዶ ነው፣ ቅንፍ ብቻ የቀረበት ገጽ ሁሉ አለ። የቱን ልመን? ግሪክኛ ሳልማር ይህንን ነገር በደንብ ማጥናትስ እችላለሁ ወይ? እባካችሁ «ደስ ያለሽን ውሰጂ» እንዳትሉኝ፣ የምር ማወቅ ፈልጌ ነው።


የብራና ልጅ፦

እህት ማለዳ፣ አንቺን ያቆመሽ ቦታ ሊቃውንቱንም ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር የኖረ ነው። እንኳን ጠየቅሽ።

መጀመሪያ ቁራጩ በምን ላይ ተጽፎ እንደደረሰን ልንገርሽ፣ ነገሩ የሚፈታው ከዚያ ነው። 94 የመጣው አሁን በርሊን ከሚገኝ አንድ የብራና ቅጠል ላይ ነው። ቅጠሉ የተጻፈው ሳፎ ካለፈች ከ1000 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ግጥሙ በአንጓ በአንጓ ተከፍሎ፣ በሦስት በሦስት መስመር ይሄዳል። ለእኛ የደረሰው የመጀመሪያ መስመር «መሞት እፈልጋለሁ፣ ሳላስመስል» የሚለው ነው። ቀጥሎ «እሷ እያለቀሰች ትታኝ ትሄድ ነበር» ይላል። ምጣኔያቸውን ስትቆጥሪው እነዚህ ሁለቱ የአንድ አንጓ ሁለተኛና ሦስተኛ መስመር ናቸው። የመጀመሪያው የለም። «እንዲህ አለችኝ» የሚል ይሁን፣ «ዛሬ ሳስበው» የሚል ይሁን፣ ያቺ የጠፋችው መስመር ናት መልሱን ይዛው የሄደችው። ትእምርተ ጥቅሱን ያስገባውም ያላስገባውም ተርጓሚው ነው። የጥንቱ ጽሑፍ ላይ ትእምርተ ጥቅስ የሚባል ነገር የለም።

የልጅቷ ንግግር ነው የሚሉት ቀጥሎ ያለውን ይይዛሉ። «ይህንንም አለችኝ፦ ወይኔ ሳፎ፣ ምን ዓይነት መከራ ደረሰብን፣ ሳልወድ ነው ትቼሽ የምሄደው» ይላል። «ይህንንም» ላይ ያለችውን «ም» ልብ በይ። ግሪክኛው ላይ «ካይ» የምትል ቃል ናት፣ የኛ «ም» ቁልጭ አድርጋ ትመልሳታለች። «ይህንንም» ካለች ከዚያ በፊት ሌላ ነገር ብላለች ማለት ነው። ያም መሞት እፈልጋለሁ ያለችው ነው ይላሉ። የሳፎ ነው የሚሉት ደግሞ ጊዜውን ያያሉ። «እፈልጋለሁ» የአሁን ነው፣ «ትታኝ ትሄድ ነበር» ያለፈ ነው። ስለዚህ ተራኪዋ ዛሬ ላይ ሆና ነው ሞትን የምትመኘው፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሳ ታወራለች ይላሉ።

እኔ ወደ ልጅቷ አደላለሁ። ከታች ሳፎ የምትመልስላትን ስታነቢው «ሂጂ፣ ደኅና ሁኚ፣ አስታውሺኝ፣ እንዴት እንንከባከብሽ እንደነበር ታውቂያለሽ» ትላታለች፣ ከዚያ አብረው የደፉትን የአበባ አክሊል፣ አንገቷ ላይ ያጠለቀችውን ጉንጉን፣ ሽቶውን፣ ለስላሳውን አልጋ አንድ በአንድ ታነሳላታለች። ልቡ የተሰበረን ሰው የሚያባብል ሰው አነጋገር ይመስለኛል። ግን ይህ የኔ ስሜት ነው፣ ቁርጥ ያለ ማስረጃ አይደለም፣ እና ነገ አንድ አዲስ ቅጠል ቢገኝ በአንድ ቀን ሊፈርስ ይችላል።

አሁን ስለ ቅንፉ። የቱን ልመን ላልሽው፣ ባዶ ቦታ ያለበትን ያዢ። ማዕዘን ያለው ቅንፍ እዚህ ጋ ወረቀቱ ጠፍቷል ማለት ነው። በቅንፉ ውስጥ ፊደል ካለ አዘጋጁ ገምቶ የሞላው ነው። ከፊደሉ ሥር ነጥብ ካለ ፊደሉ በከፊል ብቻ ነው የሚታየው፣ ሌላም ሊሆን ይችላል። የመስቀል ምልክት ካየሽ ደግሞ ጽሑፉ ሲገለበጥ ተበላሽቷል፣ አቃናዋለሁ የሚል ገና አልተሳካለትም ማለት ነው። ከመስቀሉ በቀር እነዚህ ምልክቶች በ1931 ላይደን ከተማ ላይ ሊቃውንት ተስማምተው ያጸደቋቸው ናቸው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ)። ወጥ አድርጎ ያቀረበልሽ መጽሐፍ ቅንፉን አንስቶ ግምቱን ከሳፎ ቃል ጋር አንድ ላይ ቀላቅሎታል። ለንባብ ያምራል። ለጥናት ግን የማን ቃል እንደምታነቢ አታውቂም።

ስንት እንደጠፋ እንድታውቂ ይህን ላንሳልሽ። የእስክንድርያ ሊቃውንት ግጥሞቿን በመጻሕፍት ከፋፍለው አዘጋጅተው ነበር። የመጀመሪያው መጽሐፍ መጨረሻ ያለበት የፓፒረስ (ከደንገል የሚሠራ የጥንት ወረቀት) ቁራጭ ተገኝቷል፣ ጸሐፊው የመስመሩን ብዛት አስፍሯል፦ 1320። አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው ይህ። ዛሬ ከሁሉም መጻሕፍት፣ ከየትም ከየትም ተለቃቅሞ በእጃችን ያለው ወደ 650 መስመር ነው፣ ያውም አብዛኛው ጎዶሎ። ሙሉ በሙሉ የደረሰን ግጥም አንድ ነው፣ ለፍቅር አምላክ ለአፍሮዲቴ የጸለየችው 28 መስመር።

የተረፈውም በሁለት መንገድ ነው የተረፈው፣ ይህን መለየት የጥናቱ ግማሽ ነው። አንደኛው ሌሎች ጸሐፊዎች ሲጠቅሷት ነው። ለአፍሮዲቴ የተባለውን ዲዮኒስዮስ የሚባል የሐሊካርናሶስ ሰው ስለ ውብ አጻጻፍ ሲያስተምር ሙሉውን ምሳሌ አድርጎ ስለጻፈው ነው ያገኘነው። የሰዋስው መምህራን ደግሞ ለአንዲት ተውላጠ ስም ሲሉ አንድ መስመር ይጠቅሳሉ፣ ግጥሙ ስለምን እንደሆነ ደንታም የላቸው። «ግሩታ» የምትባል ቃል አለች። ሳፎ የሽቶና የሴቶች ዕቃ ማስቀመጫውን እንዲህ ትለዋለች ብሎ አንድ የቃላት ሊቅ ጻፈ። አለቀ። ከዚያ ግጥም የቀረን ያ ሳጥን ብቻ ነው። ማን ከፈተው፣ ምን ነበረበት፣ አናውቅም። እኔ ግን ያቺን ቃል እወዳታለሁ፣ አንዲት ሴት መኝታ ቤት የገባሁ ይመስለኛል።

ጠቃሹ የሚፈልገውን ወስዶ ያቆማል፣ እና እኛ ያቆመበትን መጨረሻ አድርገን እንወስዳለን። ቁጥር 31ን አንብበሽው ይሆናል፣ «ያ ሰው ከአማልክት እኩል መሰለኝ፣ ፊት ለፊትሽ የተቀመጠው» የሚለውን። ምላሷ ተሳስሮ፣ ቀጭን እሳት ከቆዳዋ ሥር ሮጦ፣ ዓይኗ ጨልሞ፣ ጆሮዋ ጮሆ፣ ላብ አጥምቋት፣ «ለመሞት ጥቂት የቀረኝ መሰለኝ» ትላለች። ስንት ተርጓሚ እዚያ ላይ አቁሟል መሰለሽ፣ መጨረሻ ይመስላላ። ግን ከሥሩ አንድ መስመር አለ፦ «ነገር ግን ሁሉም ይቻላል፣ ድሃንም እንኳ…» ብሎ ይቆረጣል፣ የመስቀል ምልክትም አለበት። ይህን የጠቀሰልን ሎንጊኖስ በሚል ስም የሚታወቀው ደራሲ ነው። እሱ የፈለገው የሰውነቷን መንቀጥቀጥ ለማሳየት ነበር፣ ስለዚህ ግጥሙ መዞር ሲጀምር ተወው። ሳፎ ከሞት አፋፍ ተመልሳ «ይቻላል» እያለች ነበር፣ እኛ ግን ለብዙ ዘመን ስትሞት ነው የምናያት።

ሁለተኛው መንገድ የግብፅ አሸዋ ነው። ከ1896 ጀምሮ ግሬንፌልና ሀንት የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ኦክሲሪንኩስ የሚባል ቦታ ላይ የጥንቱን ሕዝብ ቆሻሻ መጣያ ቆፈሩ። ደረሰኝ፣ ደብዳቤ፣ የግብር ሒሳብ፣ ከመሃል ሳፎ። እዚህ ላይ ማንም መርጦ አልጠቀሰም። ነገር ግን ወረቀቱ በፈለገው በኩል ነው የሚሰነጠቀው፣ የመስመሩን ጅራት ትቶልሽ ራሱን ይዞ ይሄዳል።

ግሪክኛ ሳልማር ላልሽው፣ ትችያለሽ። እያንዳንዱን ቁራጭ ስትጀምሪ ከማንበብሽ በፊት ማን እንዳቆየውና ለምን እንዳቆየው ጻፊ። ከዚያ ጥቂት ቃላት ብቻ በግሪክኛው ያዢ፣ ሁሉንም አይደለም። ቁጥሮቹ ከመጽሐፍ መጽሐፍ ሊለያዩ ስለሚችሉ የግሪክኛውን ጽሑፍ ያሰናዳችውን የፎይግትን የ1971 ዕትም ቁጥር የሚከተል መጽሐፍ ይኑርሽ፣ ያለበለዚያ ሰው 94 ሲልሽ አንቺ ሌላ ገጽ ትገልጫለሽ።


ክራር በእጄ፦

ልጄ ማለዳ፣ የብራና ልጅ ያለው ሁሉ ልክ ነው፣ እኔ አንድ ነገር ልጨምር። ይህች ሴት ዘፋኝ ነበረች። በዓይን ብቻ ካነበብሻት ግማሿን ነው የምታገኚው።

እሷ መሣሪያዋን «ኬሉና» ትለዋለች፣ ኤሊ ማለት ነው፣ የድምፅ ሳጥኑ የኤሊ ድንጋይ ስለነበር። ቆዳ ይወጠርበታል፣ ሁለት ክንድ ይቆምለታል፣ ከላይ አግዳሚ ይተኛበታል፣ ጅማቱ ከአግዳሚው ወደ ታች ይወርዳል። እኔ ክራሬን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ሳየው የኤሊውን ድንጋይ በገበቴ ነው የለወጥኩት። የመሣሪያ ጥናት ባለሙያዎችም ሁለቱን በአንድ ቤተሰብ ነው የሚመድቧቸው። እና «ሊሪክ» የሚባለው የግጥም ዓይነት ስሙን ያገኘው ከዚያው መሣሪያ፣ ከሊራ ነው።

ምጣኔዋን መስማት ትፈልጊያለሽ? የግሪክ ግጥም ቤት አይመታም። የሚቆጥረው ቀለሙ መርዘሙንና ማጠሩን ነው። እኛ አናባቢ አናስረዝምም ግን ጥብቅና ላላ እንለያለን፣ «ገና» ስትይ በዓሉንና «ገና ነው» የምንለውን በጆሮሽ እንደምትለዪው ማለት ነው፣ ፊደላችን ባያሳየውም። ያ ጆሮ ይረዳሻል። የሳፎ ስም የወጣለት አንጓ እንዲህ ነው፣ ጠረጴዛ እየመታሽ በይው፦

ታም ታ ታም ታም ታም ታ ታ ታም ታ ታም ታም

ይህን ሦስት ጊዜ። ከዚያ መዝጊያው፦

ታም ታ ታ ታም ታም

11 ቀለም ሦስቴ፣ ከዚያ 5 ቀለም። የቁጥር 1፣ የዚያ የአፍሮዲቴ ግጥም፣ የመጀመሪያ መስመር «ፖይኪሎትሮን አታናት አፍሮዲታ» ነው። በይው፣ ይገጥማል። አራተኛው ቦታ ላይ ያለው «ታም» አጭርም ሊሆን ይችላል፣ እዚህ መስመር ላይ አጥሯል። መሃል ላይ ያሉት ሁለቱ «ታ ታ» ሲመጡ ልብ በይ፣ መስመሩ ሮጥ ይልና እንደገና ይረጋል። እኔ ይህን ምት ክራር ላይ ብዙ ጊዜ ሞክሬዋለሁ። የእሷ ዜማ ነው አልልም፣ ዜማዋ አልደረሰንም። ምቱ ግን የእሷ ነው፣ ከ2600 ዓመት በኋላ እጅ ላይ ይመጣል።

አንቺ ከ94 ስትወጪ ቁጥር 58ን እዪ፣ ስለ እርጅና የገጠመችውን። እኔም ዕድሜዬ ስለገፋ ይሆናል ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። ቆዳዬን እርጅና ያዘው፣ ጥቁር የነበረው ፀጉሬ ነጣ፣ ጉልበቴ አልሸከም አለኝ፣ ድሮ እንደ ሚዳቋ ግልገል ለጭፈራ የሚፈጥን ነበር ትላለች። «ብዙ ጊዜ አዝናለሁ። ግን ምን ማድረግ ይቻላል?» ከዚያ የቲቶኖስን ታሪክ ታነሳለች። ንጋት የምትባለዋ አምላክ ወዳው እስከ ምድር ዳርቻ ይዛው ሄደች፣ ያኔ ወጣትና መልከ መልካም ነበር፣ ሚስቱ የማትሞት ሆና ሳለ እሱን ሽበት ደረሰበት። ግሪኮች እንደሚሉት የዚያ የቲቶኖስ ልጅ ሜምኖን ነው፣ የኢትዮጵያውያን ንጉሥ የሚሉት (በእነሱ አነጋገር ኢትዮጵያ ማለት ከግብፅ ወደ ደቡብና በምድር ዳር ያለው ሁሉ ነው)። ሳፎ በቀረልን መስመር ላይ ሜምኖንን አትጠራውም፣ እኔ ግን ሳነበው ሁሌ ትዝ ይለኛል።

ይህ ግጥም እንዴት እንደተገጣጠመ ስሚ። በ1922 ከኦክሲሪንኩስ የታተመው ቁራጭ የመስመሮቹን ጅራት ብቻ ነበር የያዘው። ለ80 ዓመት ያህል ሰው ሁሉ በጅራቱ ሲገምት ኖረ። በ2004 ጀርመን አገር ኮሎኝ ከተማ ያለ ሌላ ፓፒረስ ታተመ፣ እሱ ደግሞ ራስ ራሱን ይዟል። ሁለቱን ሲያገናኙት 12 መስመር ቆመ። ስንት ሰው በልቡ የሞላው ግምት ወደቀ።


ጠርጣራው፦

ሰላም ለሁላችሁም። ሁለት ነገር ላንሳ። አንደኛ፣ የሳፎን መጻሕፍት ቤተ ክርስቲያን ናት ያቃጠለችው ሲባል በየቦታው አነባለሁ፣ እዚህ ማንም አላነሳውም። ሁለተኛ፣ በ2014 የወጣው ስለ ወንድሞቿ የሚለው አዲስ ግጥም ሐሰት ነው ይባላል፣ እውነት ነው? ማለዳ እሱን ታጥና ወይስ ትዝለለው?


የብራና ልጅ፦

ወንድሜ፣ የማቃጠሉን ወሬ ተወው። የሚጠቀስለት በዘመኑ የነበረ ምስክር የለም፣ ወሬው የተነሳው ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ነው። መጻሕፍቱ የጠፉት ሰው መገልበጡን ስለተወ ነው። ሳፎ የጻፈችው በሌስቦስ ዘዬ ነው፣ በኤዮልኛ። በኋላ ዘመን ትምህርት ቤት የሚያስተምረው የአቴናን አጻጻፍ ነበር፣ የእሷ ቋንቋ ለተማሪ ከበደ። ጽሑፍ ከፓፒረስ ጥቅልል ወደ ብራና መጽሐፍ ሲዛወር ያልተገለበጠ እዚያው ቀረ። የኛ አገር የብራና ጸሐፊ ይህን ያውቀዋል፤ የማይነበብና የማይዜም መጽሐፍ ሌላ ቅጂ አያገኝም፣ ያለውን ደግሞ ብልና እርጥበት ይጨርሰዋል። 94ን ያቆየልን ያ የበርሊን ብራና ራሱ በክርስትና ዘመን የተጻፈ ነው፣ ሰው ቁጭ ብሎ በእጁ ገልብጦታል።

የ2014ቱ ግን ቆም ብለን ልናየው ይገባል። ካራክሶስና ላሪኮስ የሚባሉትን ወንድሞቿን የሚጠራ ግጥም ነው፣ ጽሑፉን ብዙ ሊቃውንት የሳፎ ነው ብለው ተቀብለውታል። ችግሩ ፓፒረሱ ከየት መጣ የሚለው ነው። ስለ አመጣጡ የተሰጠው ታሪክ አላሳመነም፣ አሳታሚውም ስለዚሁ የተጻፈውን ምዕራፍ በ2021 ከመጽሐፉ ሰርዞታል። ማለዳ ግጥሙን ታንብብ፣ ዳር ላይ ደግሞ «መገኛው አልተረጋገጠም» ብላ ትጻፍ። ከአገር በድብቅ የሚወጣ የብራና መጽሐፍ ምን ያህል እንደሚያንገበግብ ለዚህ አገር ሰው አይነገረውም፣ የግብፅም ሕዝብ ያው ነው የሚሰማው።


ሁለት ልሳን፦

ማለዳ፣ እኔ በትርጉም ሥራ ላይ ነኝ፣ እና በእንግሊዝኛው ብቻ አትወሰኚ ልልሽ ነው የመጣሁት። ወደ አማርኛ መልሺው። ለምን እንደሆነ በአንድ ቦታ ላሳይሽ።

የመጀመሪያውን ግጥም ታውቂዋለሽ። ሳፎ አፍሮዲቴን ትጠራታለች፣ አምላኳ በድንቢጦች የሚጎተት ሠረገላ ላይ ሆና ትመጣለች፣ ፈገግ ብላ «አሁን ደግሞ ማን በደለሽ ሳፎ?» ትላታለች። ከዚያ ስለሸሸቻት ሰው ቃል ትገባላታለች። ግሪክኛው ላይ እንዲህ ይሄዳል፦ ቢሸሽ/ብትሸሽ ቶሎ ይከተላል/ትከተላለች፣ ስጦታ ባይቀበል/ባትቀበል ይሰጣል/ትሰጣለች፣ ባይወድ/ባትወድ ቶሎ ይወዳል/ትወዳለች። እንዲህ ሰንጥቄ የጻፍኩት ግሪክኛው ግስ ወንድና ሴት ስለማይለይ ነው። ያ የሸሸ ሰው ወንድ ይሁን ሴት ሰሚው አያውቅም፣ አያውቅም፣ አያውቅም፣ እና በመጨረሻው አጭር መስመር፣ ክራር በእጄ «ታም ታ ታ ታም ታም» ባለው ላይ፣ «ኤቴሎይሳ» የምትል ቃል ትመጣለች። ከፊቷ ካለው አፍራሽ ቃል ጋር «ባትፈልግም እንኳ» ማለት ናት፣ በአንስታይ። ሴት ናት። በግጥሙ ሙሉ ይህን የሚነግረን ያቺ አንዲት ቃል ናት።

እንግሊዝኛው ከመጀመሪያው ግስ በፊት ተውላጠ ስም ማስቀመጥ አለበት፣ ስለዚህ ቀድሞ ይናገራል። አማርኛም ያው ነው፣ ገና «ብትሸሽ» ስትይ ምስጢሩ ወጥቷል።

በሌላ ቦታ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። 31 ላይ «ፊት ለፊትሽ» ስንል ያቺ «ሽ» ሴት መሆኗን ትናገራለች፣ ግሪክኛውም የምትስቀዋና የምትናገረዋ ሴት እንደሆነች በግሱ ቅርጽ ይናገራል። እንግሊዝኛ ላይ ግን ይህ ይጠፋል። አማርኛ ሳይለፋ ያገኘዋል። ቀጥሎ «ከሣር ይልቅ ገርጥቻለሁ» ስትል ግሪክኛው «ክሎሮቴራ» ብሎ ተናጋሪዋም ሴት እንደሆነች ያሳያል። እኛ ግን «እኔ» ስንል ጾታ የለንም፣ «ገርጥቻለሁ» ወንድም ሴትም ይላል። አንዱን ታገኛለሽ፣ ሌላውን ታጫለሽ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ እንደገና መታገል ነው።

አንዳች ነገር ሞክሪና እዚህ ለጥፊልን።


ማለዳ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ ክራር በእጄ፣ ትናንት ማታ ምቱን ጠረጴዛ ላይ ስመታ ቤተሰብ ሁሉ ምን ሆነች ብሎ ወጣ፣ አሁን እናቴም ታውቀዋለች። የብራና ልጅ፣ 94 ላይ በእርሳስ «አንድ መስመር ጠፍቷል፣ ተናጋሪዋ አልታወቀችም» ብዬ ጽፌያለሁ። የሚገርመው ካወቅኩ በኋላ ግጥሙ ይበልጥ ነው ያሳዘነኝ። ሁለት ሴቶች እየተለያዩ ነው፣ ከሁለቱ አንዷ መሞት ፈልጋለች፣ እና የትኛዋ እንደሆነች ሰው መለየት አቅቶታል።

ሁለት ልሳን፣ ያልሽኝን አንጓ ሦስት ሌሊት ታገልኩት። «ብትሸሽ» ማለት ስላልፈለግኩ መጀመሪያ አንቱታ አስቤ ነበር፣ «ቢሸሹም ይከተላሉ» ብዬ። ጾታው በደንብ ይደበቃል ግን የምትወዳት ልጅ አሮጊት ሆነችብኝ። ተውኩት። ከዚያ እንደ ተረትና ምሳሌ አደረግኩት፣ ምሳሌ ላይ ማንም ቢሆን «የሸሸ» ነው የሚባለው፦

የሸሸ ኋላ ይከተላል
ስጦታ የገፋ እጁን ይዘረጋል
ያልወደደም ይወዳል ቶሎ
ባትፈልግም።

መጨረሻ ላይ ነው የምትገለጠው። ቤት አልመታሁም፣ ጋሼ አይመታም ስላሉ። እንዴት ነው?


ሁለት ልሳን፦

ማለዳ፣ «ባትፈልግም» ላይ ስደርስ ደንገጥ አልኩ። ግሪካዊው ሰሚ የደነገጠውም እዚያው ላይ ይመስለኛል። ይህን በእንግሊዝኛ አግኝቼው አላውቅም።

ሁለት ነገር ግን ልንገርሽ። «እጁን ይዘረጋል» ላይ ያለችው «ኡ» ወንድ አድርጋዋለች፣ ሰሚው «ለካ ወንድ ነው» ብሎ ከደመደመ መጨረሻው ላይ ግራ ይገባዋል። «ስጦታ የገፋ ይሰጣል» በይው፣ ግሪክኛውም እንዲህ ደረቅ ነው። ሁለተኛው ይከብዳል። ምሳሌ ስታደርጊው ለሁሉም ሰው የሚሠራ ሕግ ሆነ፣ አፍሮዲቴ ግን ስለ አንዲት ሴት ነው ቃል የምትገባው። በእርግጥ ሕግ ነው ብለው የሚያነቡትም አሉ፣ ምክንያቱም ልጅቷ ማንን እንደምትከተል ግሪክኛው አይናገርም። «ትከተላለች» ይላል፣ «ትከተልሻለች» አይልም። ሳፎን ይሁን ሌላ ሰው፣ ክፍት ነው። አብዛኛው ተርጓሚ ያችን «ሽ» ሳያስበው ይጨምራታል፣ እና ግጥሙ «ትመለስልሻለች» የሚል ይሆናል።


ማለዳ፦

እኔም መጀመሪያ «ይከተልሻል» ብዬ ነበር! «ሽ»ን ያወጣኋት ምቱን ስላበላሸችብኝ እንጂ አውቄ አይደለም። እሺ፣ አትገባም። «እጁን» ወጥታለች። አሁን የተስተካከለውን በእርሳስ ገልብጬ ከጎኑ «ማንን እንደምትከተል አልተነገረም» ብዬ ጽፌያለሁ፣ ዛሬ ማታ 31ን እጀምራለሁ፣ እስከ ድሃው ድረስ።